ኤሊዋ ለምን ጀርባዋን ሰጠችው?

ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ነበርን። አጥማጆቹ ሌሊት ያወጡትን ቆሮሶና አምባዛ እየገፈፉ ነው። አባ ኮዳዎቹ ከኋላቸው ተሰልፈው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። እኛ የዓሣ ሾርባችንን ይዘን ተቀምጠናል። ከመሀላችን አንዱ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ጭነት መርከብ ላይ ይሠራል። ለዕረፍት ከመጣ ገና ሳምንቱ ነው። ስልኩን አወጣና "እስቲ ይቺን እዩልኝ" አለን።

ቪዲዮው ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። መርከባቸው ሞተሯን አጥፍታ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ቆማ ሳለ፣ ከላይ ሆኖ የቀረጸው ነው። ዙሪያውን መሬት የሚባል ነገር የለም። ውሃው ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። አንዲት የባሕር ኤሊ አየር ልትስብ ብቅ ትላለች። ከሥሯ አንድ ሰፊ ጥላ ቀስ እያለ ይመጣል። ሻርክ ነው።

አሁን ትሸሻለች ብለን ጠበቅን። አልሸሸችም። ዞር አለችና ጀርባዋን ሰጠችው። በግራ ሲመጣ ጀርባዋን ወደ ግራ ታጋድላለች፤ በቀኝ ሲመጣ ወደ ቀኝ። ጠረጴዛው ላይ ጥያቄው በአንዴ ፈላ። "ለምን ጭንቅላቷን አታስገባም?" "ለምን ቁልቁል አትጠልቅም?" "እናንተስ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?" አጠገባችን ዓሣ ሲገፍፉ የነበሩት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አጥማጅ ሳይቀሩ ቢላቸውን አስቀምጠው መጡ።

ቪዲዮው ከዚያ ወዲህ ከስልክ ወደ ስልክ ዞሯል። ሰዉ ሲያወራበት ብዙ የተምታታ ነገር እሰማለሁ። ስለዚህ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

ለመሆኑ ሻርክና ዓሣ ነባሪ አንድ ናቸው?

አይደሉም። በኛ አነጋገር ግዙፍ የባሕር እንስሳ ሁሉ "ዓሣ ነባሪ" ይባላልና መምታታቱ አይገርምም። ዓሣ ነባሪ ግን ስሙ እንጂ እሱ ዓሣ አይደለም። በሳንባ ይተነፍሳል፤ ልጁን ያጠባል። ሻርክ ግን እውነተኛ ዓሣ ነው። እንደ ቆሮሶው በስንጥብ ይተነፍሳል። አየር ፍለጋ ወደ ላይ መውጣት አያስፈልገውም። ከቆሮሶ የሚለየው አጽሙ ነው፤ የጆሯችንና የአፍንጫችን ጫፍ ከተሠራበት ዓይነት፣ ሲነኩት ከሚተጣጠፍ ለስላሳ አጥንት የተሠራ ነው።

በዓለም ላይ ከ500 በላይ የሻርክ ዓይነቶች አሉ። አብዛኞቹ ትልቅ ኤሊ መንካት አይችሉም። ቪዲዮው ላይ ያለው ግን ታይገር ሻርክ ነው። ጎኑ ላይ ባሉት ደብዘዝ ያሉ ሽንትሮችና በደፍጣጣ ሰፊ አፉ ይታወቃል። ሽንትሮቹ በልጅነቱ ደማቅ ናቸው፤ እያደገ ሲሄድ ይፈዝዛሉ። ሲያድግ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሜትር ይረዝማል፤ 5 ሜትር የሚደርስም አለ። ምግብ አይመርጥም። ሆዱ ውስጥ የባሕር እባብ፣ ወፍ፣ የመኪና ጎማ፣ ታርጋ ሳይቀር ተገኝቷል። የባሕር ኤሊ ግን የሚበላው አፉ ለዚያ የሚሆን ሲሰፋ ነው። ትንሽ ሳለ ዓሣና የባሕር እባብ ይበላል።

ኤሊዋ ጭንቅላቷን ለምን አታስገባም?

በብዛት የተጠየቀው ይህ ነው። የምናውቃት ኤሊ የየብሷ ናትና። በልጅነታችን ጓሮ ውስጥ ስናገኛት በእንጨት ነካ እናደርጋት ነበር። ጭንቅላቷንም እግሯንም ትሰበስባለች። ከዚያ የፈለግነውን ብናደርግ አትወጣም። የእሷ ቅርፊት ቤት ነው። ገብታ በሩን ትዘጋለች።

የባሕሯ ኤሊ ግን ይህ የላትም። ጭንቅላቷን ማስገባት አትችልም። እግሮቿንም እንደዚያው። ረጅም ርቀት መዋኘት ያለባት እንስሳ ናት። ቅርፊቷ ውሃውን እንዲሰነጥቅ ጠፍጠፍና ሾጠጥ ብሏል። የፊት እግሮቿ ረዝመው መቅዘፊያ ሆነዋል። ይህ ሁሉ የሚሰበሰብበት ባዶ ቦታ ቅርፊቱ ውስጥ አልቀረም።

ታዲያ ቅርፊቱ ምን ይሠራል? ጋሻ ነው። ጋሻ ቤት አይደለም፤ አይገቡበትም። ጦሩ ወደመጣበት ያዞሩታል እንጂ። ኤሊዋ ጀርባዋን ስትሰጠው የነበረው ለዚህ ነው። በኛ አነጋገር ጀርባ መስጠት መሸሽ ነው። ለእሷ ግን መመከት ነው። አንገቷን፣ ሆዷንና መቅዘፊያዎቿን ደብቃ፣ ሰፊውንና ጠንካራውን ነገር ታቀርብለታለች።

ጋሻው የተሠራበትን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ከላይ የተለጠፈ አይደለም። የገዛ የጎድን አጥንቷና አከርካሪዋ ሰፍተው፣ እርስ በርሳቸው ገጥመው የሠሩት ነው። ከላዩ ጥፍራችን ከተሠራበት ዓይነት ነገር የሆነ ሽፋን አለው። ስለዚህ ከቅርፊቷ መውጣት የሚባል ነገር የለም። ሲነካም ይሰማታል።

ሻርኩ እንዴት አገኛት?

ከሥር ነው የመጣው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። የባሕር ኤሊ የምትተነፍሰው በሳንባ ነው። ረፍት ላይ ሆና ለሰዓታት ውሃ ሥር መቆየት ትችላለች፤ ስትንቀሳቀስ ግን ቶሎ ቶሎ መውጣት አለባት። ወደ ላይ ስትወጣ ከበላይዋ ሰማይ አለ። ከታች ሆኖ ለሚያያት፣ ብርሃን ላይ የተቀመጠች ጥቁር ቅርጽ ናት። እሷ ግን ቁልቁል ብትመለከት የምታየው ጨለማ ነው። የሻርኩ ጀርባ ጠቆር ያለ፣ ሆዱ ነጣ ያለ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከላይ ላየው ከጨለማው ጋር ይመሳሰላል፤ ከታች ላየው ከብርሃኑ ጋር።

"አንድ ጠብታ ደም ከብዙ ኪሎ ሜትር ይሸተዋል" የሚለው ወሬ ግን የተጋነነ ነው። የማሽተት ችሎታው ጥሩ ነው። ነገር ግን ሽታው ወደ አፍንጫው መድረስ አለበት፤ የሚያደርሰው ደግሞ የውሃው ፍሰት ነው። ከፍሰቱ በተቃራኒ በኩል ያለ ሻርክ ምንም አይሸተውም።

ከሽታው ሌላ በጎኑ፣ ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ የተዘረጋ መስመር አለው። የውሃን ንቅናቄ የሚሰማው በዚህ ነው። ይህን ስናገር ጋሼ አንድ ቆሮሶ አንስተው ጎኑን ወደኛ አዞሩ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቅርፊቱ ላይ ያለችውን የነጥብ ሰልፍ ተከትለው አሳዩን። የቆሮሶው መስመር መሀል ላይ ይቋረጥና ዝቅ ብሎ እንደገና ይጀምራል። "ይቺን ሁልጊዜ አያታለሁ፤ ለምን እንደሆነች ግን አላውቅም ነበር" አሉ። እኔም በዚያች ቀን ከእሳቸው ጥፍር ሥር እስካየሁት ድረስ የማውቀው በመጽሐፍ ብቻ ነበር። አንዱ ዓሣ መረብ ውስጥ ሲንፈራገጥ ሌላው ርቆ የሚሸሸው በዚህች መስመር ነው።

ሻርኩ ከዚህም አልፎ ቆሮሶ የሌለው አንድ ነገር አለው። አፍንጫው ዙሪያ በዝልግልግ ፈሳሽ የተሞሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ጣሊያናዊው ስቴፋኖ ሎሬንዚኒ እ.ኤ.አ. በ1678 ስለ እነዚህ ቀዳዳዎች ጽፏል። ጥቅማቸው በትክክል የታወቀው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የማንኛውም ሕያው ፍጡር ጡንቻ ሲሠራ እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሻርኩ ያንን ይሰማል። የሚሠራው ግን በጣም ቅርብ ሲሆን ብቻ ነው፤ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ታይገር ሻርክ ሊነክስ ሲል ዓይኑን ከጉዳት የሚከላከል ስስ ቆዳ ይሸፍንበታል። በዚያች ቅጽበት የሚመራው ይኸው ስሜት ነው።

ካየችው በኋላስ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚቀየረው። ታይገር ሻርክ ሯጭ አይደለም። ኃይለኛ ቢሆንም ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ስልቱ ሳይታይ መቅረብ ነው። ከታየ ግማሹን አጥቷል። ብዙ ጊዜም የነቃችበትን ኤሊ ትቶ ይሄዳል።

የማይተው ከሆነ ፉክክሩ የመዞር ይሆናል። ከፒያሳ ወደ ሐይቁ ስትወርዱ አደባባዩ ላይ ባጃጅና ሲኖትራክ አይታችኋል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሲኖው ባጃጁን ጥሎት ይሄዳል። ዙር ላይ ግን ባጃጁ የቆመበት ቦታ ላይ እጥፍ ይላል፤ ሲኖው ግን ግማሽ አደባባይ ያስፈልገዋል። ኤሊዋ ባጃጅ ናት። አንዱን መቅዘፊያ ገትራ በሌላው ስትቀዝፍ ባለችበት ትዞራለች። ሻርኩ ረጅም ነው። ወደ ኋላም መዋኘት አይችልም። ካለፋት ዞሮ መምጣት አለበት። እሱ ዞሮ እስኪመጣ እሷ ጋሻዋን አስተካክላለች።

ቁልቁል ብትጠልቅስ? ቀጥ ያለ መንገድ ሰጠችው ማለት ነው። የኋላ እግሮቿም ለአፉ ይጋለጣሉ። እሱ አየር አያስፈልገውም፤ እሷ ግን ተመልሳ መውጣት አለባት። ጥልቁ ለእሱ ያደላል። ገደል ወይም ኮራል ድንጋይ ባለበት ቢሆን የምትጠጋበት ታገኝ ነበር። ክፍት ባሕር ላይ ያላት ጀርባዋ ብቻ ነው።

ያንን ጀርባ ምን ጥርስ ይበሳዋል?

የታይገር ሻርክ ጥርስ ከሌሎቹ ይለያል። የብዙ ሻርኮች ጥርስ እንደ ወስፌ ቀጭንና ሹል ነው፤ የሚያዳልጥ ዓሣ ለመያዝ። የእሱ ግን ሰፊና ወፍራም ነው፤ ወደ ጎን የተቆለመመ፣ የዶሮ ኩክኒ የመሰለ። ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። ከላይም ከታችም ያሉት ተመሳሳይ ናቸው።

አያኝክም። ይነክስና ጭንቅላቱን ወደ ግራና ቀኝ በኃይል ያወዛውዛል። ያን ጊዜ ጥርሱ ይገዘግዛል። ሥጋን ብቻ አይደለም፤ አጥንትና ቅርፊትም ይቆርጣል። ጥርስ ቢሰበርበት ከኋላው ሌላ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ ይተካል።

ግን መጀመሪያ ንክሻው መያዝ አለበት። ትልቅና ክብ የሆነ ነገር ለመንከስ አይመችም። ሙሉ ሐብሐብ በአፋችሁ ለመያዝ ሞክሩና ታዩታላችሁ። ጥርስ ይንሸራተታል። ሻርኩ የቅርፊቱን ጠርዝ ወይም አንድ መቅዘፊያ ሲያገኝ ነው ሥራው የሚጀምረው። ኤሊዋ የምትከለክለውም ያንን ነው።

ሁልጊዜ ሻርኩ ነው የሚያሸንፈው?

አይደለም፤ ሰው የሚያስበውን ያህል አይቀናውም። ሙሉ ጤነኛ የሆነች ትልቅ ኤሊ ከ100 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። የመቅዘፊያዋ ጫፍ የተቆረጠ፣ ቅርፊቷ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተነከሰ፣ ቁስሉ ግን የዳነ ኤሊ በብዙ ባሕሮች ይታያል። አምልጠው ነው የኖሩት።

ሻርኩ ይህንን የሚያውቅ ይመስላል። በአውስትራሊያ ታላቁ ኮራል አጥር ላይ ሬይን ደሴት የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በዓለም ትልቁ የአረንጓዴ ኤሊዎች የመራቢያ ቦታ ናት። በወቅቱ አሥር ሺህ በአሥር ሺህ እየሆኑ እንቁላል ሊጥሉ ይመጣሉ። ታይገር ሻርኮችም ይመጣሉ። የሚጠብቁት ግን በአብዛኛው ጤነኛዋን አይደለም። አሸዋ ሲቆፍሩ አድረው ድካምና ሙቀት የጨረሳቸውን፣ የሞቱትን ነው የሚበሉት። አሞራ ገደል ያሉት አባ ኮዳዎች ሐይቁ ውስጥ ገብተው አይታገሉም፤ የሚወረወረውን ይጠብቃሉ። እሱም የቀለለውን ካገኘ አይደክምም።

ሻርክ ባይኖር ለኤሊዎቹ አይሻልም ነበር?

የእኔም ስሜት መጀመሪያ እንዲያ ይል ነበር። ቪዲዮውን ያየ ሰው ሁሉ ለኤሊዋ ነው የሚያደላው። ነገር ግን የእኛን ገጠር አስቡ። ጅብ የሚወጣበት ጫካ ዳር ያለው ሣር ለምን ረጅም ይሆናል? ከብት ስለማይገባበት ነው። እረኛው ይፈራል። ሣሩን የጠበቀው አጥር አይደለም፤ ፍርሃት ነው።

አረንጓዴ ኤሊ የባሕር ከብት ናት ማለት ይቻላል። ካደገች በኋላ ምግቧ በአብዛኛው የባሕር ሣርና አልጌ ነው። (አረንጓዴ የተባለችው በቅርፊቷ አይደለም፤ ከቆዳዋ ሥር ባለው አረንጓዴ ስብ ነው።) የባሕር ሣር ሲባል ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ እንደ ማሳ ተንጣሎ የሚበቅል እውነተኛ ተክል ነው። ሥር አለው፤ ያብባል። የዓሣ ጫጩቶች የሚያድጉት እዚያ ነው። አሸዋውን ይዞ ያቆያል። ካርቦንም አፈሩ ውስጥ ያከማቻል።

በምዕራብ አውስትራሊያ ሻርክ ቤይ የሚባል የባሕር ወሽመጥ አለ። ማይክል ሄይታውስ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ እዚያ ታይገር ሻርኮችንና ኤሊዎችን ለዓመታት ተከታትለዋል። ያገኙት ነገር በጣም ያስገርመኛል። ሻርክ በሚበዛበት ወቅት የወፈሩት ኤሊዎች የሚግጡት ከሣሩ ማሳ ዳር ነው። ሣሩ እዚያ ጥሩ አይደለም፤ ግን ለማምለጥ ይቀላል። የከሱት ደግሞ ምርጥ ሣር ወዳለበት ወደ መሀል ይገባሉ። እዚያ ማምለጥ ከባድ ነው። ረሃብ አስገድዷቸው ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ሣር ሲጠፋ አጥር ጥሶ የሚገባው የቱ ከብት እንደሆነ አርሶ አደር ያውቀዋል።

ስለዚህ ሻርኩ አንዲትም ኤሊ ሳይነክስ፣ መኖሩ ብቻ ኤሊዎቹ የት እንደሚግጡና ምን ያህል እንደሚቆዩ ይወስናል። ማሳው አንድ ቦታ ላይ ተግጦ አያልቅም። በተቃራኒው በርሙዳ አካባቢ ምን እንደሆነ ታይቷል። ኤሊዎች በጥበቃ በዙ፤ ትልልቅ ሻርኮች ግን አነሱ። የባሕር ሣሩ እስከ ሥሩ ተግጦ ሰፊ ማሳ ወደ ባዶ አሸዋ ተለወጠ። ያን ጊዜ የተራቡት እነዚያው ኤሊዎች ናቸው።

አሁን ሁለቱም በምን ሁኔታ ላይ ናቸው?

ለአረንጓዴ ኤሊ ደስ የሚል ዜና አለ። ለአሥርታት "ለመጥፋት የተቃረቡ" ከሚባሉት መዝገብ ላይ ነበረች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከዚያ መዝገብ አውጥቷታል። የመራቢያ ዳርቻዎች ስለተጠበቁ፣ እንቁላሏ መሰብሰቡም ስለቀነሰ ነው። ሌሎቹ ኤሊዎች ሁሉ ግን እንዲህ አልቀናቸውም። ቀይ ባሕር ላይም የምትገኘው፣ ባለ ውብ ቅርፊቷ ሆክስቢል ኤሊ ዛሬም ከፍተኛ አደጋ ላይ ናት። ቅርፊቷ ለማበጠሪያና ለጌጥ ተብሎ ለዘመናት ተገፏል።

የሻርኮቹ ነገር ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ትልቅ ጥናት በክፍት ውቅያኖስ የሚኖሩ ሻርኮችና ዘመዶቻቸው ከ1970 ወዲህ በ71 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል። ምክንያቱ ዓሣ ማጥመድ ነው። ክንፋቸው ለሾርባ ይሸጣል። ሻርክ ሳይተነኮስ ሰው የሚነክሰው ደግሞ በመላው ዓለም በዓመት በአማካይ ከ60 እስከ 70 ጊዜ ገደማ ነው። ሰው በዓመት የሚገድላቸው ሻርኮች በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ።

መርከበኞቹ ለምን አላዳኗትም?

ጠረጴዛችን ላይ በጣም ያከራከረን ይህ ነው። ልጁ ራሱ ተቆጥቶ ነበር። አንዱ ጓደኛው ገመድ ሊወረውር ሲል አለቃቸው ከልክሎታል። እኔ አለቃው ልክ ነው እላለሁ። ከመርከብ ላይ የሚወረወር ነገር ሻርኩን ከማባረሩ በፊት ኤሊዋን ያስደነግጣል። የምታየው ወደ መርከቧ ከሆነ ከሥር የሚመጣውን አታይም። የባሕር ኤሊ በብዙ አገሮች በሕግ የተጠበቀች ስለሆነች ማስጨነቋም ያስጠይቃል። ሻርኩም መብላት አለበት።

መረብ ውስጥ የገባች ኤሊ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። ይህንን ጋሼ ወዲያው ገባቸው። ዓሣ መረብ ውስጥ አድሮ በሕይወት ሊገኝ ይችላል፤ በስንጥቡ ይተነፍሳላ። ኤሊዋ ግን አየር ያስፈልጋታል። መረቡ ከያዛት ውሃ ውስጥ ታፍና ትሞታለች። በክፍት ባሕር ብዙ ኤሊ የሚጨርሰው ይህ ነው። በአሜሪካ ሽሪምፕ የሚያጠምዱ ጀልባዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መረባቸው ላይ የብረት ፍርግርግ ማድረግ ግዴታ ሆኖባቸዋል። ሽሪምፑ በፍርግርጉ ያልፋል። ኤሊዋ ትገጨውና በተከፈተላት ቀዳዳ ትወጣለች። ጋሼ ይህን ሲሰሙ "ይሄማ ከባድ አይደለም፤ እኛም እንሠራዋለን" አሉ።

ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥስ ሻርክ ሊኖር ይችላል?

አይችልም። የሚዋኙ ልጆች ስለጠየቁኝ ነው የማነሳው። ቡል ሻርክ የሚባል ዓይነት ጨው በሌለው ውሃም መኖር ይችላል፤ በዛምቤዚ ወንዝ ሽቅብ ይወጣል፤ በመካከለኛው አሜሪካ ኒካራጓ ሐይቅም ይደርሳል። የሚገባው ግን ከባሕር ጋር በሚያገናኝ ወንዝ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ ወደ ባሕር የሚፈስ ወንዝ የለውም። ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ዙሪያው የተዘጋ ሳህን ነው። እዚህ ልጆች መጠንቀቅ ያለባቸው ከጉማሬ ነው።

ያቺ ኤሊስ?

ቪዲዮው ሊያልቅ ሠላሳ ሰከንድ ሲቀረው ሻርኩ አንዴ ይነክሳታል። ጥርሱ ጀርባዋ ላይ ሲንሸራተት ይታያል። ነጭ ነገር እንደ ዱቄት ውሃው ውስጥ ይበተናል፤ የቅርፊቷ ፍቅፋቂ ነው። ደም አልታየም። ሻርኩ አልፏት ሄደ፤ ሰፊ ዙር ዞረ። እሷም አብራው ዞረች። ከዚያ ጥላው እየሳሳ እየሳሳ ሰማያዊው ውስጥ ጠፋ።

ልጁ መቅረጹን አቁሞ ሌላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ጠብቋል። አንዴ ከመርከቧ ኋላ ብቅ አለች አለን። ከቀኝ ትከሻዋ እስከ ጀርባዋ መሀል ሦስት ነጫጭ ጭረቶች ነበሩባት። ፍፍ ብላ ተነፈሰች፤ አየሯን ሞላች፤ ወረደች።